እስከ ጉልበት

ታጁራ መመላለስ ከጀመርኩ ሰባት ዓመት ሆነኝ፤ ባሕሯ ውስጥ የገባሁት ግን እስከ ጉልበቴ ነው። ሱሪዬን ሁለት ሦስቴ አጥፌ፣ ነጠላ ጫማዬን ዳር ላይ አውልቄ፣ በክረምት ጎርፍ እንደሚሻገር ሰው በእግሬ ጣት እየዳበስኩ እገባለሁ። ውሃው ጉልበቴን ሲነካኝ እቆማለሁ። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ማዶ ማዶውን አያለሁ። «ኧረ እንዴት ደስ ይላል!» እላለሁ። ከዚያ እወጣለሁ። የኔ ዋና ይኸው ነው።

አፍሬበትም አላውቅም። የተወለድኩት አንኮበር ነው፤ እኛ ዘንድ ውሃ ማለት ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ነው። ከምንጭ ይወጣል፣ ገደሉን ይዞ ይሄዳል፣ ቆላ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የቆለኞች ጉዳይ ነው። መሄጃ እንደጠፋው ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ቀኑን ሙሉ ወዲያና ወዲህ የሚል ውሃ አይተን አናውቅም። ቃሉን ግን እንደኛ ያለ ስስት የሚበትነው ሰው የለም። ሐይቅ ዳር ያለችውን ከተማ ባሕር ዳር አልናት። ከማዶ የመጣውን ዛፍ ባሕር ዛፍ አልነው፤ እሱም እንጦጦ አናት ላይ፣ ከባሕር ወለል ሦስት ሺህ ሜትር ያህል ተሰቅሎ ይኖራል። ፋሲካ መቼ እንደሚውል የሚወጣበትን ስሌት ባሕረ ሐሳብ አልነው። ለሰው ጠባይ እንኳ ባሕርይ ብለናል። ይህን ሁሉ ስናደርግ አብዛኞቻችን ባሕር የሚባለውን በዓይናችን አላየነውም።

ያየነው ዕለት ደግሞ ቃል ያጥረናል። ሞገድ የሚለውን ቃል እኔ መጀመሪያ የሰማሁት ከአባቴ ሬዲዮ ነው፤ «በአጭር ሞገድ» ሲል። የውሃ ነገር መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ማዕበል ደግሞ የሐዋርያት ታንኳ ላይ የሚነሣ፣ ጌታ የሚገሥጸው ነገር ነው፤ ለአዘቦት ቀን አይሆንም። ባሕሩ በየቀኑ ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ ትንሽ ቆይቶ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሶ ስለመምጣቱ የሚነገር ቃልማ እናቴም አላስተማረችኝም፣ ትምህርት ቤትም አልሰማሁም።

ለዚህ ነው ጫማዬን የተበላሁት። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ነጠላ ጫማዬን ከውሃው ሃያ እርምጃ ያህል አርቄ አስቀምጬ፣ ግንብ ተደግፌ ሸለብ አደረገኝ። ስነቃ ባሕሩ እግሬ ሥር ተቀምጧል። ግራው ጫማ ራቅ ብሎ እንደ ዳክዬ ይንሳፈፋል፤ ቀኙ የለም። እዚያው አካባቢ ይጫወቱ የነበሩ ልጆች ሆዳቸውን ይዘው ሣቁ። አንደኛው፣ ገና የወተት ጥርሱን ያልጨረሰ ልጅ፣ ዘሎ ገብቶ ግራውን አመጣልኝ። ቀኙን ባሕሩ እስከ ዛሬ አልመለሰም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ሲባል የሚስቀው የሚወሰደው ሰው ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ዳር የቆመው ነው።

ሥራዬ ትራንዚተር ነው። ጅቡቲ ከተማ ተቀምጬ የሰው ዕቃ ከወደብ አስለቅቃለሁ። የአገራችን የገቢና ወጪ ዕቃ ከመቶ ዘጠናው እጅ በዚህ በኩል ስለሚያልፍ ሥራ ጠፍቶብኝ አያውቅም። የባሕር በር ነገር ቤት ውስጥ በተነሣ ቁጥርም ዘመዶቼ ዞረው እኔን ያያሉ፤ ቁልፉ ኪሴ ያለ ይመስላቸዋል። እኔ ግን የማውቀው በሩን ሳይሆን በሩ ላይ የሚሞላውን ቅጽ ነው። ባሕር ለኔ ለረጅም ጊዜ ወረቀት ነበር፤ ቢል ኦፍ ሎዲንግ፣ ዲክላራሲዮን፣ ዕቃው በዘገየ ቁጥር በየቀኑ የሚቆጥር ዲመሬጅ። አንድ ቀን አንድ ደንበኛዬ በስልክ «ለመሆኑ እዚያ ባሕሩ እንዴት ነው?» ቢለኝ፣ መስኮት ከፍቼ ማየት እንዳለብኝ ትዝ አለኝ። በሚቀጥለው ዓርብ ታጁራ ሄድኩ።

ከጅቡቲ ከተማ ታጁራ ባሕረ ሰላጤውን ከደቡብ ወደ ሰሜን ቆርጦ መሻገር ነው፤ በፌሪ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ዙሪያውን የሚሄድ የመኪና መንገድም አለ። ፌሪው ላይ ሰው፣ ፍየል፣ ፍራሽ፣ የዱቄት ጆንያና ላንድክሩዘር አብረው ይሳፈራሉ፤ ከሁሉም የሚረጋጉት ፍየሎቹ ናቸው። ከወደቡ ስንወጣ ተራ የሚጠብቁ መርከቦች አጠገብ እናልፋለን፤ እዚያ ላይ ሁልጊዜ ዓይኔን የሚስበኝ ነገር አለ። የኛ የንግድ መርከቦች ስማቸው የተወሰደው ከአገር ቤት ከተሞችና ወንዞች ነው። ጋምቤላ የሚባል አለ፣ ጅግጅጋ አለ። ሸበሌም የሚባል አለ፤ ወንዙ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ሳይደርስ ሶማሊያ አሸዋ ውስጥ ይቀራል፣ ስሙ ግን መርከብ ሆኖ ውቅያኖስ አቋረጠ። አንድ ጊዜ ጅግጅጋ መልሕቅ ጥላ ቆማ ሳያት፣ ከጎኔ ለተቀመጠው ሰውዬ «አገሬ ናት» አልኩት። «ታዲያ ለምን አትወርድም?» አለኝ።

ታጁራ ከሩቅ ነጭ ናት፤ ከጀርባዋ የጎዳ ተራሮች። የሰባት መስጊድ ከተማ ይሏታል። ሰባቱን ልቆጥር ተነሥቼ አንድ ጊዜ ስድስት፣ አንድ ጊዜ ስምንት አግኝቻለሁ፤ ሙቀቱ ሒሳብ ላይ ይሠራል። የአፋር ሱልጣኗ ደርደር ይባላል። ሥልጣኑን ሁለት ወገኖች ይፈራረቁታል፤ ደርደሩ ከአንዱ ሲሆን ምክትሉ ከሌላው ነው፣ ደርደሩ ሲያርፍ ምክትሉ ይተካና አዲሱ ምክትል ደግሞ ከሟቹ ወገን ይመረጣል። ይህን ለዕድራችን ዳኛ ነግሬያቸው ነበር፤ ወሬውን ቶሎ ወደ ድንኳን ኪራይ መለሱት።

የከተማዋን ጠባይ ማወቅ የሚፈልግ ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ይያት። ማየት የሚችል ከሆነ ማለቴ ነው፤ ማንም የለምና። ሱቅ ይዘጋል፣ ጀልባ አሸዋ ላይ ሆዱን ገልብጦ ይተኛል፣ ፍየል እንኳ የጀመረውን ካርቶን ትቶ ጥላ ይይዛል። እኔ አዲስ አበባ ያደረብኝ በሽታ ስላለ፣ ቀን የተኛ ሰው ስም ይጠፋል የሚል፣ መጀመሪያ ሰሞን በዚያ ሰዓት ብቻዬን መንገድ ለመንገድ እዞር ነበር። ጥላዬ እንኳ ከእግሬ ሥር አልወጣም አለ። አሁን እንደ ከተሜው እተኛለሁ። ከዚያ ከባሕሩ በኩል የፈጣን ጀልባ ድምፅ ይሰማል፤ ጫት መጣ። ከተማዋ ባንድ ጊዜ ትነሣለች። አወዳይ የተቆረጠ ቅጠል ተራራ ወርዶ፣ ድንበር አልፎ፣ ባሕር ተሻግሮ ሳይጠወልግ በዚያው ቀን ታጁራ ይደርሳል። እኔ አንድ ኮንቴይነር ስሚንቶ መፍጫ ለማስለቀቅ ስንት ፊርማ እንደማሳድድ ሳስብ፣ ጫት ነጋዴዎቹ ሥልጠና ቢሰጡን ምን አለበት እላለሁ።

በዚህች ከተማ አብዝቼ የማዝንለት ሰው ግን አርተር ራምቦ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ቅኔውን እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ ዞሮ ዞሮ ቀይ ባሕር ዳር ነጋዴ ሆነ። በ1885 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ለምኒልክ የሚሸጥ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ ይዞ ታጁራ ገባ፤ ቶሎ ወደ ሸዋ ሊነሣ። የተነሣው በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ፈቃድ ተያዘ፣ ግመል ጠፋ፣ ሸሪኩ ታሞ ሞተ። አራት ወር ተጉዞ አንኮበር ሲደርስ ንጉሡ የሉም። እንጦጦ ላይ ሲያገኛቸውም የሟቹ ሸሪክ ዕዳ ከሒሳቡ ላይ ተቆርጦ ከጠበቀው በታች ይዞ ወጣ። የሥነ ጽሑፍ ሰዎች የዚህን ሰው ዝምታ ሲተነትኑ አንብቤያለሁ። እኔ የሚታየኝ አንድ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው የተያዘ ዕቃ ነው። ያን ጊዜ ደህና ትራንዚተር ቢያገኝ ኖሮ ምናልባት ወደ ግጥሙ ይመለስ ነበር።

ራምቦ ከታጁራ አንኮበር ለመድረስ አራት ወር ፈጀ ብያለሁ። እናቴ ከአንኮበር ጅቡቲ በሦስት ቀን ደረሰች፤ አንዱን ሌሊት አዲስ አበባ እህቴ ቤት አድራ ነው።

የመጣችው ባለፈው ታኅሣሥ፣ በጾመ ነቢያት ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ በስልክ ባሕር ባሕር ስላት «እስቲ ልየው» አለች። ጋቢዋን፣ ሹራቧን፣ አንድ ኩንታል የሚያህል በሶና ድርሳነ ሚካኤሏን ይዛ ባቡር ጣቢያ ወረደች። ሹራቡን አውልቂ ብላት «ብርድ የሚመታው ሳያስቡት ነው» አለችኝ። ከነሹራቧ ፌሪ ላይ ወጣን።

ግማሽ መንገድ ድረስ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ጸለየች። ከዚያ ገለጥ አድርጋ ግራ ቀኙን አየች።

«ሙሴ የከፈለው ይኼ ነው?»

«እሱ ወደ ሰሜን ነው እማዬ። ይኼ ከእሱ ጋር ይገናኛል።»

«ከተገናኘ ያው ነው» ብላ ተሳለመችው።

እኔ በወረቀት የማውቀውን ባሕር እናቴ በመጽሐፍ ታውቀዋለች። ሙሴን፣ ዮናስን፣ ጴጥሮስን አንድ በአንድ ነገረችኝ። አንዱ በደረቅ ተሻገረ፣ አንዱ ተዋጠ፣ አንዱ በእግሩ ልሂድ ብሎ ሊሰጥም ሲል እጁ ተያዘ። ለኔ ጉልበት ላይ መቅረት ከዚህ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም፤ ከሦስቱ አንድም የዋኘ የለም። በዚያ ወቅት ደግሞ ባሕረ ሰላጤው ውስጥ ከዓሦች ሁሉ ግዙፉ ሻርክ ይመጣል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ፈረንጆች እሱን ለማየት ብለው ይጎርፋሉ። ሚኒባስ ያህል ይረዝማል ስላት ዓይኗ ፈካ።

«ዮናስን የዋጠው!»

«ይኼ እንኳ ሰው አይነካም። የሚበላው ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ነገር ነው።»

ትንሽ አሰበችና «ታዲያ በምን ወፈረ?» አለች።

ዳር እንደወረድን መጀመሪያ ያደረገችው ጣቷን ነክሮ መቅመስ ነው። ፊቷን አጨማዳ «ማነው እንዲህ አድርጎ ጨው የፈጀበት?» አለች። ጨው ለእናቴ ቀልድ አይደለም። አንኮበር ቁልቁል ሲወርዱ አልዩ አምባ የምትባል ገበያ አለች፤ በድሮ ጊዜ ከታጁራ የተነሣ ሲራራ ነጋዴ ሸዋ ደረስኩ የሚለው እዚያ ሲገባ ነው። በ1841 እ.ኤ.አ. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው እንግሊዛዊው ሃሪስም ታጁራ ወርዶ በዚያው መንገድ ነው የወጣው። እናቴ ሃሪስን አታውቅም፤ በልጅነቷ አፋሮች ግመል እየነዱ ጨው ይዘው ሲመጡ፣ እናቷ አንዷን ቁራጭ እንደ ወርቅ በጨርቅ ጠቅልላ ስታስቀምጥ ግን ታስታውሳለች። «ያ ሁሉ ዓመት ስንሳሳ፣ እዚህ በከንቱ ሲፈስ!» አለች።

ያረፍንበት ቤት እመቤት በዕድሜ የገፉ አፋር ናቸው። አማርኛ የሚያውቁት የገበያ ያህል ነው፤ እናቴ አፋርኛ የምታውቀው ምንም ያህል ነው። ማታ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ምን ሊያወሩ ነው ብዬ አስተርጓሚ ለመሆን ስጠጋ እናቴ «አልዩ አምባ» አለች። ሴትየዋ ቀና ብለው «አልዩ አምባ!» አሉ፤ እጃቸውን ወደ ምዕራብ ዘርግተው፣ አያታቸውን፣ ግመሉን፣ ጭነቱን በእጃቸው ሠሩት። ከዚያ ወዲያ እኔ አላስፈለግሁም። እስከ እኩለ ሌሊት ሁለት ሴቶች በአንድ የገበያ ስም ሲያወጉ ሰማሁ።

የጾሙ ነገር ግን አስቸገረ። ታጁራ ሄዶ ዓሣ አለመብላት ደብረ ብርሃን ሄዶ ብርድ አለመቅመስ ነው። የየመኖቹን አሠራር ይከተላሉ፤ ዓሣውን ከጀርባው ለሁለት ገልጠው፣ በርበሬ ቀብተው፣ ግድግዳው በጋለ የሸክላ ምድጃ ውስጥ ያቃጥሉትና ከዚያው ምድጃ ከወጣ ሰፊ ቂጣ ጋር ያቀርቡታል። ሽታው ሠፈር ያስነሣል። እናቴ ሣህኑን አይታ ወደኔ ገፋችው።

«ጾም ነው።»

«ዓሣ እኮ ነው እማዬ። በዚህ ጾም ብዙ ሰው ይበላል።»

«ብዙ ሰው ሲኦልም ይገባል።»

ክርክሩን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ በየዓመቱ በየቤቱ የሚነሣ ነው፣ አልደግመውም። እናቴ በመጨረሻ የሐይቁን ዓሣ እንጂ የባሕሩን ጠይቃ እንደማታውቅ ተናገረችና፣ አንኮበር ላሉት ነፍስ አባቷ አስደወለችኝ። አባ ታሪኩን በትዕግሥት ሰምተው «እዚያ ሌላ ምን አለ?» አሏት። «ፍየል» አለች። «እንግዲያውስ ዓሣውን ብዪ» አሏት። በላች። አጥንቱን እንደ ዳዊት ገጽ አንድ በአንድ እየገለጠች ጨረሰችው። የተቀረውን በበሶዋ አወራረደች።

በማግስቱ ወደ ማታ ባሕሬን ላሳያት ወሰድኳት። ሱሪዬን አጠፍኩ፣ ገባሁ፣ ጉልበቴ ላይ ቆምኩ፣ «ኧረ እንዴት ደስ ይላል!» አልኩ፣ ወጣሁ።

«ጨረስክ?» አለች።

«አዎ።»

«ሰባት ዓመት ሙሉ ባሕር ባሕር ያልከኝ እግርህን ለመታጠብ ነው?»

ዝም አልኩ። ምን እላለሁ? ወደድኩ ያልኩትን ነገር ጉልበቴ ድረስ ብቻ እንዳወቅሁት ከእናቴ በቀር የሚነግረኝ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ገና ሳይነጋ አልጋዋ ባዶ ነው። ወደ ባሕሩ ወረድኩ። ያለፈው ማታ ከቤቲቱ እመቤት የለመነችው አምስት ሊትር ቢጫ ጀሪካን እንደነበረ ያኔ ትዝ አለኝ። ጎረቤቶቿ አደራ ብለዋት ኖሯል፤ የባሕር ውሃ ለእግር ማሳከክ፣ ለወገብ፣ ለቁርጥማት መድኃኒት ነው ተብሎ አምስት ቤት ይጠብቃል። ዳር ዳሩ ሞገዱ አሸዋ እያነሣ ስላደፈረሰው «ለሰው የሚሰጥ ንጹሕ ይሁን» ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ትንሽ ሄዳ ስታየው አሁንም ደፍርሷል፤ ጨመረች። እኔ ስደርስ ነጭ ቀሚሷ እንደ ድንኳን ተነፍቶ፣ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጠምጥማ፣ ባሕሩ ውስጥ እስከ ደረቷ ቆማለች። ጀሪካኑ ሞልቶ ከጎኗ ይንሳፈፋል።

«እማዬ! ነይ ውጪ!»

«ና ተሸከም!»

«ጥልቅ ነው!»

«እኔ ቆሜበት የለም? ውስጥ ሲሆን ቀላል ነው፣ ሲወጣ ነው የሚከብደው። ና እንጂ!»

ገባሁ። ሱሪዬን ለማጠፍ እንኳ ጊዜ አልነበረኝም። ጉልበቴን አለፈ። ጭኔን አለፈ። ቀበቶዬን ሲያልፍ ጮኽኩ መሰለኝ፣ ልጆቹ ዳር ላይ ተሰብስበዋልና። የወተት ጥርሱ የነበረው ልጅ አሁን ጎረምሳ ሆኗል፤ ለሌሎቹ ጫማ በእጁ እያሳየ የሆነ ነገር ያስረዳቸዋል። ደረቴ ሲደርስ ጀሪካኑን ያዝኩ። እውነቷን ነው፣ ውስጥ ሲሆን ምንም አይከብድም። ትንሽ ቆየን። ፀሐይዋ ከውሃው ስትወጣ ሁለታችንም አየናት። እናቴ «በል፣ አምስት ቤት ይጠብቃል» አለች።

የኋላ ኪሴ ውስጥ የፌሪው መመለሻ ቲኬት ነበር። ሲወጣ ገንፎ ሆኗል። ከወረቀት ጋር ተጣልቼ የማላውቀው ሰው በወረቀት ምክንያት በመኪና ተመለስኩ።

መንገዱ ባሕረ ሰላጤውን በምዕራብ ይዞራል። በቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል ሄዶ ሄዶ አሳል ሐይቅ የሚወርደው መገንጠያ ጋ ይደርሳል፤ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር፣ በአፍሪካ ከዚያ የሚወርድ መሬት የለም፣ ዳሩ ሁሉ ጨው ነው። እናቴ እሱን አላየችም። የምታየው በመንገዱ ዳር ወደኛ አቅጣጫ የሚመጡትን ነው። ሁለት ሦስት እየሆኑ የሚሄዱ ልጆች፤ ራሳቸው ላይ ሻሽ፣ እጃቸው ላይ የውሃ ኮዳ፣ እግራቸው ላይ ነጠላ ጫማ። ወደ ኦቦክ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን የሚሻገሩ ናቸው። እኔ ይህን መንገድ ብዙ ጊዜ ሄጄበታለሁ፤ መስኮት ዘግቼ።

«አቁም በለው» አለች።

ሹፌሩ ቆመ። አራት ነበሩ። አንዱ ከወሎ፣ ሌሎቹ ከጅማና ከአርሲ። የማን ልጅ እንደሆኑ፣ እናታቸው ታውቅ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ትልቁ ሃያ ዓመት አይሞላውም። በሶዋን አውጥታ ሰጠች፣ የኛን ውሃ ሰጠች። ታናሹ በመስኮቱ አሻግሮ ቢጫውን ጀሪካን አይቶ እጁን ዘረጋ።

«እሱስ አይጠጣም የኔ ልጅ» አለችው። «ባሕሩ ነው።»

ልጁ እጁን ሰበሰበ።

«ዋና ታውቃላችሁ?» አለቻቸው።

ተያይተው ሣቁ። የወሎው ልጅ «ጀልባው አለ እማማ» አላት። መረቀቻቸው፤ ሄዱ። አርታ ተራራ እስክንደርስ ድረስ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ጀሪካኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ይዛው ነበር።

ጅቡቲ ከተመለስን በሁለተኛው ቀን በባቡር ሸኘኋት። ቀትር ላይ ከድንበር ስልክ ተደወለ።

«አንተ፣ እዚህ አንድ ሰውዬ ምንድነው ይለኛል። ባሕር ነው ብለው አላምን አለኝ።»

«ስጪው።»

ፈታሹ ጨዋ ሰው ነው። ፈሳሽ ነገር ስለሆነ ምንነቱን ማወቅ እንዳለበት አስረዳኝ። በሕይወቴ አንዴ እንኳ ሥራዬ ለእናቴ የጠቀመው ያን ዕለት ነው። «የታሪፍ ቁጥሩ 25.01 ነው» አልኩት። «ጨው የሚገባበት። መጨረሻው ላይ ያንብቡት፣ የባሕር ውሃ ይላል።» ጸጥ አለ። ገጽ ሲገለጥ ሰማሁ። «እውነትም አለ» አለ፤ ድምፁ ውስጥ አክብሮት ነበረው። ከዚያ የጀሪካኑ ክዳን ሲከፈት፣ ትንሽ ቆይቶ ሰው ሲያስል ተሰማኝ። ከኋላ አንዲት ሴት «እስቲ እኔም ልቅመሰው» አለች። «ለኔም በእጄ» አለ ሌላ። ስልኩን ማን እንደያዘው አላውቅም፤ ከጫጫታው ሁሉ በላይ የሚሰማኝ የእናቴ ድምፅ ነው።

«ቀስ! ኧረ ቀስ በሉ! አምስት ቤት የሚካፈለው ነው!»